ሦስት ጊዜ የተሠራው ድልድይና ሦስት ቀን የፈጀው ዘመቻ

በስድስተኛው ሥራ አስኪያጅ ዘመነ መንግሥት፣ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ የማባዣ ማሽኑ ባረፈ በአሥራ አራተኛው ወር፣ የሁለተኛው ፎቅ ቧንቧ ማንጠባጠብ በጀመረ ማንም ባልቆጠረው ዓመት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ የአቧራ ድል አድራጊ፣ የማኅተም ጠባቂ፣ የካርቶን ሁሉ አባት፣ በሦስት መቶ ስልሳ መደርደሪያ ላይ ሥዩም የሆኑት፣ በደረሳቸው ወረቀት ሁሉ ግርጌ «ይጣራ» ብለው ስለሚጽፉ ወዳጅም ጠላትም «ጋሼ ይጣራ» የሚላቸው ጀግናችን፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው ለዘመቻ ተነሡ። እኛም ጽሕፈት የተሰጠን፣ ያየነውን ሳንቀንስ፣ ያላየነውንም ጥቂት ብቻ ጨምረን ዜና መዋዕላቸውን እንጽፋለን። ወንበራችን ከጠረጴዛቸው ትይዩ ስለሆነ ከእኛ የተሻለ ምስክር የለም፤ ቢኖርም የዓመት ፈቃድ ላይ ነው።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። በከተማችን ወንዝ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ባለ ሦስት ቅስት ነው፣ ጋሪም ሰውም ጭነት መኪናም ሳያማርር ተሸክሞ የኖረ ነው። ለዚህ ድልድይ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት ያለበት የብረት ሰሌዳ ይደረግለት ተባለና፣ ማን እንደሠራው ቢጠየቅ የሚያውቅ ጠፋ፤ ወይም የሚያውቀው በዛ። በዚህም ጊዜ ሥራ አስኪያጁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ፣ ስሙ፣ ያልሰማችሁ ስሙ። ድልድዩን ማን እንደሠራውና መቼ እንደሠራው እስከ ሐሙስ ከሥራ መውጫ ድረስ አጣርታችሁ አምጡልኝ። ዓርብ ጠዋት ብረት አቅላጩ ሰሌዳውን ያፈሳል፤ ብረት ደግሞ አንዴ ከፈሰሰ በላጲስ አይጠፋም። ሦስት መጽሐፍ አንብቤ ነገሩ ሦስት ዓይነት ሆኖብኛል። አራተኛ መጽሐፍ ይዞ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ግን ወዮለት።»

ሦስቱ መጻሕፍት እነሆ። የመጀመሪያው ወፍራሙ ነው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም የጻፉት ነው። እንደ እርሳቸው አባባል የከተማዋ የመጀመሪያ መሐንዲስ፣ ነገሩን ሁሉ ቋጠሮ ባለው ገመድ ስለሚለካ «ባለ ገመዱ» የተባለው፣ በዚያው ወንዝ ላይ በሦስት የተለያየ ዘመን ሦስት የድንጋይ ድልድይ ሠርቷል። ሁለቱ ወዴት ሄዱ ለሚል አንባቢ መምህሩ «ጊዜ በላቸው» ብለው በአጭሩ ያልፉታል። ሁለተኛው ቀጭኑ ነው፤ የቀድሞ ኢንስፔክተር ገና ከሦስት ሳምንት በፊት ያሳተሙት ነው። በእርሳቸው ዘንድ ባለ ገመዱ አንድም ድልድይ አልሠራም፤ ያለውን ድልድይ የሠራው ተተኪው «ባለ ባርኔጣው» ነው፣ የሠራውም ባለ ገመዱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ለዚህም ማስረጃ ከእኛው መዝገብ ቤት ጥቁር መዝገብ የአንዱን ገጽ ፎቶ አትመዋል። በልጅነታችን ተሻግረንበታል የሚሉ ሽማግሌዎችን በተመለከተ ደግሞ፣ ያኔ የነበረው የእንጨት ድልድይ ነው፣ ሕዝቡ ድንጋይ መስሎት ነው ይላሉ። ሦስተኛው የማዘጋጃ ቤቱ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲሆን፣ ከሁለቱም ላለመጣላት ድልድዩን ሁለቱ መሐንዲሶች በጋራ፣ በየዘመናቸው፣ በአንድ ቀን መርቀውታል ብሎ ጽፏል። ወደው አይስቁ ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ የብረት ሰሌዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ይህን ሁሉ ቀለም ባላባከንን። የባለ ገመዱ አንድያ ልጅ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸውን የያዙት እማማ፣ የጀግናችን አማት ናቸው፤ በጀግናችን ቤትም ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። በዘጠኝ ዓመታቸው ክዳን ባለው ጣሳ የአባታቸውን ምሳ እየያዙ ወደ ግንባታው ይወርዱ ነበር፤ አባታቸውም ሲለካ የገመዱን ጫፍ የሚያስይዘው እርሳቸውን ነበር። ይህን ታሪክ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለሐኪም፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሳይቀር ተርከውታል። ከሦስት ሳምንት በፊት የቀጭኑ መጽሐፍ ምረቃ ላይ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡና፣ እጃቸውን አውጥተው ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ ሲሉ፣ ኢንስፔክተሩ ከመድረክ ወርደው «እማማ፣ ትዝታ ሰነድ አይደለም» አሏቸው። አዳራሹም ሳቀ። የፎቶውን ገጽ ገልጠው ባሳዩዋቸው ጊዜ እማማ ረዘም አድርገው አዩት፣ ከዚያም እጃቸውን አውርደው ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ማዕድ አልቀረቡም፤ ምግባቸው በትሪ ይገባላቸዋል፣ የሚናገሩትም «እሺ» ብቻ ነው።

የጀግናችን ባለቤትም፣ የእማማ ልጅ፣ ሰኞ ማታ ጀግናችን ጫማቸውን ሳያወልቁ በሳሎኑ መሀል ይህን አዋጅ አወጁ፦

«እናቴ በሰው ፊት ውሸታም ተብላ ነው በሯን የዘጋችው። አንተ ሠላሳ አምስት ዓመት ወረቀት ውስጥ ኖረሃል። ለእናቴ አንዲት ወረቀት ካላገኘህላት ራትህንም እዚያው መዝገብ ቤትህ ፈልገህ ብላ።»

የጀግናችን ጭንቅ ግን በዚህ አላበቃም። ጡረታቸው ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ በሥራ አስኪያጁ ግድግዳ ላይም «ሠላሳ አምስት ዓመት ያለ አንዳች ስህተት ላገለገሉ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተለብጦ፣ ፊርማ ብቻ ጎድሎት ተሰቅሏል። ጀግናችን በዚያ ቢሮ ባለፉ ቁጥር የሚያዩት እንደ ልጅ ልጅ ነው።

ማክሰኞ፣ የዘመቻው የመጀመሪያ ዕለት፣ በንባብ አለፈች። ጀግናችን ሦስቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግተው፣ አጉሊ መነጽር ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘምቱ ዋሉ። በተለይም በቀጭኑ መጽሐፍ የታተመው ፎቶ ልባቸውን ማረከው። የመስመሩ ቀጥታ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ የ«ቀ» እግር አቀማመጥ አስደንቋቸው፣ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ዛሬ የት ይገኛል እያሉ ለታይፒስቷም ለእኛም ደጋግመው አሳዩን። ይህ እጅ ሊሳሳት አይችልም፤ ስለዚህ ኢንስፔክተሩ ልክ ናቸው ለማለትም ዳድቷቸው ነበር። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊ ሊደብቀው የማይገባ ነገር አለ፦ ጀግናችን ራሳቸው ለሥራ ወደ ከተማዋ የገቡት ሻንጣቸውን ተሸክመው በዚያው ድልድይ ተሻግረው ነው፤ ያም በፎቶው ገጽ ድልድዩ ተሠራበት ከተባለው ቀን ስድስት ወር ይቀድማል። ነገር ግን የሰነድ ሰው ናቸውና ከገዛ እግራቸው ይልቅ መዝገቡን አምነው፣ ያን ቀን ውኃ ውስጥ ገብቼ ተሻግሬ ይሆናል አሉ።

ወበሳኒታ፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ጀግናችን ምስለ ኵሉ ሠራዊቱ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ የሰባቱ ቁልፎች እመቤት የሆኑት የጽዳት ሠራተኛ፣ ከሰባቱ አንዱ ብቻ የሚከፍት፣ የቱ እንደሆነም የማይታወቅ፤ ታይፒስቷ፣ በጆሮ ፈጣን በጣት ዝግ ያሉ፣ የሕንፃው ወሬ ሁሉ ባለአደራ፤ መኪናው ከተሸጠ ወዲህ በማዕረጉ ብቻ የቀረው ሹፌር፤ በመጨረሻም እኛ፣ የጀግናውን ሻይ ይዘን፣ እንዳይፈስ በመጠንቀቅ። አራት ሰዓት ሙሉ በካርቶን መካከል ተዋጉ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች እንደ አለት ወደቁባቸው፣ የተሰረዙ ማመልከቻዎች ከግራ ከቀኝ ከበቧቸው፣ ሹፌሩም በአንድ አሮጌ መጋረጃ ተጠልፎ ወደቀ፣ ነገር ግን ተነሣ። ከቀትር በኋላ አረንጓዴው መዝገብና ጥቁሩ መዝገብ ተማረኩ።

ሁለቱንም ገልጠው ቢያዩ ነገሩ ባሰ። በአረንጓዴው እንዲህ ተጽፏል፦ አንድ የድንጋይ ድልድይ፣ ሦስት ቅስት፣ ርዝመቱ አርባ አንድ እርምጃ፣ በግራው መከታ ከመሀል አንድ ድንጋይ ጠማማ። በጥቁሩም ቃል በቃል ያው ነው፣ ጠማማው ድንጋይ ሳይቀር፤ ቀኑ ብቻ በሃያ አንድ ዓመት ይለያል። ጀግናችን ይህ ምን ዓይነት ምሥጢር ነው እያሉ ግንባራቸውን ሲይዙ፣ ታይፒስቷም የምሁራንን ሦስት የተለያየ ሐሳብ ሲያብራሩ፣ ማንበብ ብዙ የማይወዱት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያቸውን ተደግፈው አወጁ፦

«ወንዙ አንድ፣ ድልድዩ አንድ። እኔ በየቀኑ ነው የምሻገረው፤ ያ ጠማማ ድንጋይም ቀሚሴን ይይዘኛል። ሁለተኛውን ድልድይ ከነጠማማ ድንጋዩ ማን ሰረቀው ልትሉ ነው?»

ምሁራን በሠላሳ ዓመት ያልደረሱበት ነገር በመጥረጊያ ተደረሰበት። ድልድዩ አንድ ነው፤ የበዛው ቀኑ ነው። ስለዚህ ሊፈለግ የሚገባው፣ በመዝገብ ቤቱ ዝርዝር ከሁለቱም በፊት የተከፈተ ተብሎ የተጻፈው ቀዩ መዝገብ ሆነ፤ እርሱ ግን በመደርደሪያው የለም። ሹፌሩ ወደ ላይ፣ ታይፒስቷ ወደ ታች፣ እኛ ወደ ሻዩ ተበተንን። በመጨረሻ የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው ስፍራ፣ በበሩ ዘበኛ መቀመጫ ሥር ነው። ዘበኛው ቁመታቸው አጠር ያለ ስለሆነ መስኮቱ እንዲታያቸው ብለው ቀዩን መዝገብ በላስቲክ ጠቅልለው ሃያ ስምንት ዓመት ዙፋን አድርገውታል። በላስቲኩ ምክንያት ውኃ አልነካው፣ በዘበኛው ምክንያት ምስጥ አልቀረበው፤ በሹማምንት እጅ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልቆየ። ዘበኛው ግን በቀላሉ እጅ አልሰጡም፦

«ውሰዱት፤ ግን ያለ እሱ ደጁ አይታየኝም። ሌባ ቢገባ እኔ የለሁበትም።»

ድርድሩ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ በስምምነቱም መሠረት በምትኩ ወፍራሙ መጽሐፍ ተሰጣቸውና በላዩ ተቀመጡ። መምህሩ ሥራዬ ለሕዝብ አገልግሎት ይዋል ብለው በመቅድማቸው ተመኝተው ነበር፤ ምኞታቸው ተፈጸመ።

ቀዩ መዝገብ ተገለጠ። አንድ የድንጋይ ድልድይ፣ ሦስት ቅስት፣ አርባ አንድ እርምጃ። ቀኑ የዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ነው። ከሥሩ የባለ ገመዱ የራሱ ፊርማ አለ፤ በኅዳጉም፣ የሠራተኞች ስም በተዘረዘረበት፣ ከግንበኞቹና ከድንጋይ ጠራቢዎቹ ቀጥሎ፣ በዚያው እጅ «ገመድ ያዥ፦ ልጄ፣ የዘጠኝ ዓመት» ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ስንደርስ ማናችንም አልቀለድንም። የጽዳት ሠራተኛዋ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ጀግናችንም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

ታዲያ ቀኑ እንዴት ተለዋወጠ? መልሱ በእያንዳንዱ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ በትልቁ ተጽፏል፦ «ከዚህ መዝገብ መክፈቻ የቀደመ ቀን በዚህ መዝገብ አይጻፍ።» ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። መዝገብ ሲያረጅ ወደ አዲስ ይገለበጣል፤ ገልባጩም የድሮውን ቀን መጻፍ ሕግ ስለሚከለክለው የገለበጠበትን ቀን ይጽፋል። በዚህ ጥበብ ድልድዩ በተገለበጠ ቁጥር እንደገና ይወለዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ግን እያደር ይገለበጣል። ሦስቱን መዝገብ በአንድ መደርደሪያ ያገኙት መምህር ሦስት ድልድይ ቆጠሩ፣ አዲስና ንጹሕ ስለሆነ ጥቁሩን ብቻ ያዩት ኢንስፔክተር ድልድዩን ከሟቹ ነጠቁ።

ጀግናችንም በደስታ ሰክረው፣ ይህን የመሰለ ጥፋት የሠራ ገልባጭ ማነው፣ ስሙ ይታወቅ፣ በታሪክ ፊት ይቁም እያሉ የጥቁሩን መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ገለጡ። በዚያም «ገልባጭ» ከሚለው ፊት ለፊት ያንን ያማረ «ቀ» የጣለው ጸሐፊ ፈርሟል። ፊርማው የራሳቸው ነበር። በተቀጠሩ በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ መዝገብ ገልብጠዋል፤ ጥቁሩ አራተኛው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ አንድ ቀን ተኩል በአጉሊ መነጽር ያደነቁት የገዛ እጃቸውን ኖሯል። መዝገቡን ቀስ ብለው ከደኑት፣ ራሴን አሞኛል ብለው ወጡ፣ ያን ቀን ለማንም ደህና ዋሉ አላሉም።

ወበሣልስት ዕለት፣ በሐሙስ፣ የዘመቻው ታላቁ ጦርነት ሆነ፤ የጦር ሜዳውም አንዲት ነጭ ወረቀት ነበረች። ጀግናችን ከጠዋት እስከ ቀትር አምስት ጊዜ ዘመቱባት፣ አራቴ ተሸንፈው ተመለሱ። በመጀመሪያው ዘመቻ «ስህተት ተፈጥሯል» ብለው ጻፉ፣ ስህተቱ እንደ ሣር ራሱን ያበቀለ ይመስል። በሁለተኛው «የቀን መዛባት ተስተውሏል» አሉ። በሦስተኛው የቀለሙን ጥራት ወቀሱ። በአራተኛው አረንጓዴውን የገለበጡትን ሟች ጸሐፊ ከሰሱ፣ ሟች መልስ አይሰጥምና። የብዕር ወለምታ እንደ አፍ ወለምታ ናት፣ በቅቤ አትታሽም። አራቱንም ቀደዱ። በአምስተኛው ጊዜ ምን እንደታሰባቸው አናውቅም፤ እኛ ያየነው ወደ ቀዩ መዝገብ ኅዳግ አንድ ጊዜ ተመልክተው ይህችን መጻፋቸውን ነው፦

«ድልድዩን የሠራው ባለ ገመዱ ነው፤ የሠራውም የዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ነው። በጥቁሩ መዝገብ ያለው ቀን ድልድዩ የተሠራበት ሳይሆን እኔ የገለበጥኩበት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ከዚያም በታላቅ ርኅራኄ አወጁ፦

«ጋሼ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ትቀየር። ‹የእኔ ነው› የሚለውን ‹የአሠራር ክፍተት ነው› ይበሉት። አሠራር አይከሰስም፣ ጡረታም አይወጣም። ይቺ ከቆየች ግን ያንን የምስክር ወረቀት ልፈርም አልችልም፤ ያለ አንዳች ስህተት ይላላ።»

ጀግናችን ወደ ግድግዳው አዩ። መስታወቱ ተወልውሎ ነበር፣ ስማቸውም ወርቅ ቀለም ነበረው። ከዚያም ወንበር ጎትተው ወጡበትና የምስክር ወረቀቱን በገዛ እጃቸው ከምስማሩ አወረዱት፤ ወደ መዝገብ ቤትም ወስደው «ያልተፈረሙ» በሚለው ካርቶን ውስጥ በተራ ቁጥሩ አስቀመጡት። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ድስት የሰበረ፣ ማኅተም ያጠፋ፣ መኪና ገደል የከተተ ሞልቷል፤ «የእኔ ነው» ብሎ የፈረመ ግን ዜና መዋዕላችን እስከሚያስታውሰው ድረስ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም ተክዘው ደብዳቤውን መሩት። ሰሌዳው በማግስቱ በባለ ገመዱ ስምና በትክክለኛው ዓመት ፈሰሰ፤ የሥራ አስኪያጁ ስም ከመሐንዲሱ ስም በሁለት ጣት ቢተልቅም ይህ የብረት አቅላጩ ጥፋት ነው ተብሏል።

ያን ሐሙስ ከሥራ መውጫ በኋላ ጀግናችን መዝገብ ከግቢ አይወጣም የሚለውን ሕግ፣ ራሳቸው የለጠፉትን፣ ጥሰው ቀዩን መዝገብ በብብታቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። በእማማ ክፍል ደጃፍ ቆመው የኅዳጉን ጽሕፈት አነበቡላቸው፤ ቀጥለው ደብዳቤያቸውን አነበቡ፤ «የእኔ ነው» የሚለውንም ሁለት ጊዜ አነበቡት። ባለቤታቸው ከኋላ ቆመው ነበር። እማማም ሃያ አራት ቀን ያጠራቀሙትን ቃል በዝግታ አወጁ፦

«ልጄ፣ ለቀባሪ አረዱት አሉ። ሰውዬው ፎቶውን ገልጦ ባሳየኝ ጊዜ እጅህን አውቄዋለሁ። ሠላሳ ዓመት በየበሩ የምትለጥፈው ማስታወሻ በማን ጽሕፈት ነው? ቀኑን የሳተው ጸሐፊ አማቼ ነው ብዬ እዚያው ብናገር አባቴ ይድናል፤ አንተ ግን በአዳራሽ ሰው ፊት ትዋረዳለህ፣ የልጄ ባል። ሆድ ይፍጀው አልኩ። በሬን የዘጋሁት ውሸታም ስላሉኝ አይደለም። ማዕድ ላይ ፊትህን እያየሁ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። በል አሁን ደግፈህ አንሣኝ፣ ርቦኛል።»

እንግዲህ ስማቸው ይክበር፣ ብዕራቸው አይዶልዱም። ሌሎች ድልድይ በመሥራታቸው ሲወደሱ፣ ሁለት ድልድይ በሁለት ቃል አፍርሰው አንዱን ለባለቤቱ የመለሱት የካርቶን ሁሉ አባት ከፍ ከፍ ይበሉ። ከአራት ዘመቻ ሽንፈት በኋላ በአምስተኛው ለቆሙት፣ ምስማሩን ባዶ ለተዉት፣ ምስጋና ይሁን። ከሁሉም በላይ ግን በዚያች ሐሙስ ራት ላይ ለሆነው ይመስገኑ፤ እማማ የድልድዩን ታሪክ ከጣሳው ክዳን ጀምረው መቶኛ ጊዜ ሲተርኩላቸው፣ ራቱ እስኪቀዘቅዝ፣ አንድም ቀን ሳይጠይቁ፣ አንድም ዓመት ሳያርሙ አዳምጠዋቸዋልና።